እያሳሳቀ

እሑድ ረፋዱ ላይ፣ ከሽንኩርቱ ማሳ ማዶ፣ ከሮቢ ወንዝ ዳር፣
ዱላ ይዞ የቆመ ሰው ካያችሁ፣ እኔ ነኝ። ምክንያቱን ልናገር።

ዱላው ቀርከሃ ነው። ጎን ጎኑን በቢላ ሸርሽሬ
አምስት ምልክት አበጀሁለት፣ በሰው አካል ቆጥሬ፤
ቁርጭምጭሚት፣ ጉልበት፣ ወገብ፣ ደረት፣ አንገት፤
ከዚያ በላይ ያለው የእግዜር ነው፤ አልደረስኩበት።

ልጆቹ ይስቃሉ።
«ጋሼ ለወንዙ ሱሪ ሊያሰፉለት ነው» ይባባላሉ።
የቀልዱ ባለቤት ይታገሱ ነው፣ የባለባጃጁ ልጅ።
ይሳቅ። እኔም ስቄያለሁ፣ በእሱ ዕድሜ፣ በዚሁ ደጅ፤
ሸዋፈራሁ ልብሱን ጥሎ፣ ከዚያች ትልቅ ድንጋይ ላይ
«ቁጠሩልኝ!» ሲል፣ ሁለት እጁን ዘርግቶ ወደ ሰማይ።

መስከረም ሊያልቅ ነበር፤ ክረምቱ ገና መውጣቱ።
ጥልቁን እንደ መዳፋችን እናውቀዋለን፤ አምና ሁለት ሰው ነው ቁመቱ።
ወንዙ ግን ያን ክረምት ሥራ ፈትቶ አልከረመም፤
ድንጋይ ሲያንከባልል፣ አሸዋ ሲደለድል፣ ማንንም አላማከረም።
ላዩ ያው ነው። ያው አረንጓዴ፣ ያው ጸጥታ።
አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት አልን። በራሱ ተወረወረ፣ በደስታ።

የተሰማው ድምፅ የውሃ ድምፅ አልነበረም።
ለዚህ መስመር ቤት መምቻ ብዙ ፈልጌያለሁ። አላገኘሁም።

በብብቱ ይዘን ጎተትነው፤ አንገቱን ማንም አልደገፈ።
«እንዲህ አይነሳም» የሚል ሰው አልነበረም። ስናውቅ፣ አለፈ።
«ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል» ይሉን ነበር፤
አንድ ነገር ሳይነግሩን ቀሩ፤ አንዳንዱን ግማሹን ወስዶ፣ ግማሹን ይተዋል ከዳር።

ደግሞ ድምፅ የሌለውም አለ። የጤና ጣቢያዋ ዙሪያሽ «ና» አለችኝ፣ «አንድ ዓይንህን ጨፍነህ
በዚህ መስታወት እይ። የኑረዲን ሰገራ ነው። አፍንጫህን አትያዝ፤ የምትወደው ወንዝ ነው፣ እየው ቀርበህ።»
አየሁ። እንቁላል፤ ሞላላ፣ ከጎኗ እሾህ የበቀለች።
ቢልሃርዝያ። ትሏ ከቀንድ አውጣ ወጥታ፣ በልጁ ቆዳ ሳታንኳኳ ገብታ፣ የወለደች።

ከዚያ ወዲህ ሣር የተኛበትን፣ ውሃው ያንቀላፋበትን ጥግ በዱላዬ እከለክላለሁ፤
ወንዙ ውስጥ የሚሸናውን በስሙ እጠራለሁ።
ወራጁስ? ለእሱም አልምልለት። ሆድ ሲቆርጥ ዝም አትበሉ፣ ተመርመሩ፣
ክኒኑን ስትውጡም ፊታችሁን አታኮማትሩ።

ከሁሉ የምፈራት ግን የእኛዋን ፀሐይ ናት።
ሸዋ ሮቢት አሸዋው እግር ይጠብሳል፤ ልጅን «ግባ፣ ግባ» ያሰኛት
እሷው ናት። ጣርማ በር ላይ ግን ጠቁሯል፤
እዚያ የዘነበ፣ እኛ ሳንሰማው፣ እግራችን ሥር ይደርሳል።
መጀመሪያ ገለባ ይመጣል፣ ቅጠል፣ ከዚያ የውሃው መልክ ይደፈርሳል፤
«አንዴ ብቻ ልጥለቅ» ያለ፣ ልብሱን ላንሳ ያለ፣ ይቀድመዋል።

ያለፈው እሑድ ጀርባዬን ለተራራው ሰጥቼ
ከኑረዲን ተረከዝ የጠርሙስ ስባሪ ሳወጣ፣ በዓይኔ ተጠግቼ፣
«ተራራው!» የሚል ጩኸት። ይታገሱ። ያ የሱሪ ቀልደኛ።
ጨለማውን ከእኔ ቀድሞ ያየ እሱ ነው፣ ያ አሽሟጣጭ፣ ያ ፌዘኛ።
ወጣን፤ ዐሥራ አንድ ራስ፣ ሁለቴ ቆጠርኩ፣ ሙሉ።
ብዙም ሳይቆይ ግንዱ መጣ፣ ድንጋዩ፣ የሞተ ፍየል። ልጆቹ ዝም አሉ።
ዱላዬም ሄደ። ከተከልኩበት ነቅሎት፣ አምስት ምልክቱን ይዞት።

ማታ ሸዋፈራሁ ጋ ሄድኩ፤ በመንኮራኩሩ ወንበር ተቀምጦ፣ ከፊቱ የተፈታ ስልክ።
ሃያ ሁለት ዓመት፣ እሑድ በመጣ ቁጥር፣ ጥያቄው አንድ ነው፤
«ዛሬስ ስንት ነው?»
«ደረት» እለዋለሁ፣ ወይም «ወገብ»። ዓይኑን ጨፍኖ፣ ቀስ ብሎ፣ በእግሩ ይገባል።

ያን ማታ ግን «አላውቅም» አልኩት፤ «ዱላውን ጎርፉ ወሰደው።»
ሳቀ። ከልቡ ሳቀ። ከዚያ ብሎን መፍቻውን አስቀመጠና
«እንግዲያው» አለኝ፣ «ሌላ ቆርጠህ እስክትለካው፣
ማንም እንዳይገባ።»