የነፋስ ሂሳብ

ሥራዬ ቆጣሪ ማንበብ፣ በየደጁ መጎንበስ ነው፤
ክዳኑን በሽቦ አንስቼ፣ ሸረሪቱን በጣት ጠርጌ፣
ቁጥሩን ለደብተር ማድረስ ነው።
"ውሻ እሰሩ!" እያልኩ መጮህ፣ ሲከፍቱልኝ ደሞ መግባት፣
አንዳንዴ ስድብ መቀበል፣ አንዳንዴ ጠላ መጠጣት።

ተረቱን አትተርቱብኝ፣ የአባይን ልጅ ስለ ጥማቱ፤
ከእኔ ይልቅ ያውቀዋል የሽንብጡ ጄሪካን፣
ቢጫ ሆዱን ለጨረቃ ሰጥቶ የሚያድር በሌሊቱ፤
ሐይቁ ከበስተጀርባው ሲያንኮራፋ፣
እሱ በገመድ ታስሮ ተራው እንዳይጠፋ።

ውሃ በጠፋ በአራተኛው ቀን ቧንቧው ይስላል፣ ያቃስታል፤
ቀጥሎ ነፋስ ይመጣል፤
የቆጣሪውን ጥርስ ነካክቶ መርፌዋን ሽው ያደርጋታል።
እኔ ያየሁትን እጽፋለሁ።
ውሃም ይሁን ነፋስ፣ አምዱ አንድ ነው፤ እጽፋለሁ።

ወይዘሮ አትጠገብ ግን ደረሰኟን ለፀሐይ ዘርግታ
"ልጄ፣ ዘጠኝ ሜትር ኪዩብ ነፋስ እንዴት ጠጣሁ?" አለች ቆይታ።
መልስ አልነበረኝም።
"ይሁን" አለች፤ "የሐይቅ ነፋስ ነው፤ ከሌላ አገር አልመጣም።"

ከጓሮዋ የተከራየ ካዳፎ የሚባል ተማሪ አለ፣
ቤት መንደፍ ሊማር ከአፋር ምድር የመጣ።
ሐይቁን ያየ ዕለት፣ አሉ፣ ጫማውን አውልቆ ዝም አለ፤
እግሩን ሳይነክር ተመልሶ ወጣ።
ፊቱን የታጠበበትን ለሎሚዋ ዛፍ ያጠጣል፤
የሚንጠባጠብ ቧንቧ ከሰማ ከእንቅልፉ ተነስቶ ይወጣል።

ሰኔ ሲገባ ጣሪያዋን ለካ፤
በቆርቆሮው ጠርዝ አሸንዳ፣ ከአሸንዳው ሥር ወንፊት፣
ከወንፊቱ ሥር በርሜል፤ በእርሳሱ ወረቀት ነካ።
ጎረቤት በአጥር ላይ ሳቀ፦
"ጣና እግሩ ሥር ተኝቶ ሰማይ ይለምናል እንዴ!"
አትጠገብም አብራ ሳቀች፤
በማግስቱ ግን በርሜል ገዛች፣ በዱቤ።

አንድ ቀን በሩን ከፍቶ "ዳጉ" አለኝ።
"እኛ ዘንድ መንገደኛ ሳይጠየቅ አያልፍም፤
ከየት መጣሽ? ምን አየሽ? ውሃው የት ደረሰ? ንገሪኝ።"
በአሥራ አንድ ዓመት ሥራዬ ይህን የጠየቀኝ የለም።

ተቀመጥኩ። ነገርኩት።
የባለ መዋኛው ሆቴል መርፌ ሌት ተቀን እንደሚሮጥ፤
መኪና አጣቢዎቹ ከሐይቁ በፓምፕ ስበው
ዘይቱን መልሰው እንደሚሰጡት፤
ለጫት ማሳ የተዘረጋው ቱቦ ጠጥቶ እንደማይጠግብ፣
አሸዋ የጫነው ሲኖትራክ እያንጠባጠበ አስፋልቱን እንደሚያረጥብ፤
የጋሼ ስንሻው ታንኳ ማሰሪያ ግንድ
ዛሬ ከውሃው ስልሳ እርምጃ ርቆ ፍየል እንደሚታሰርበት፣
ደንገል ሊያጭድ ሲወርድ ጭቃው እንደሚውጠው እስከ ጉልበት።

እሱ ነጥብ በነጥብ ሣለው። ስጨርስ ወረቀቱን አዞረልኝ፤
ሐይቁ መሃል ላይ፣ መስመሮቹ ሁሉ ከእሱ የሚወጡ፤
የሚመለስ አንድም አልታየኝ።
"እኛ ዘንድም ጨው እንዲህ ሄደ" አለ፤ እርሳሱን ጆሮው ላይ ሰካ፤
"ግመሎቹ ሲመለሱ ያመጡልን ባዶ ስልቻ ነበር ለካ።"

ትናንት አትጠገብ ቤት ጎንበስ ብዬ ክዳኑን አነሳሁ።
ቧንቧው ያፏጫል፤ መርፌዋ ትሽከረከራለች፤
በርሜሉ ከጎኔ ጢም ብሏል፣
ክዳኑ ላይ እንቁራሪት ተቀምጣለች።
እስክሪብቶዬን ያዝኩ። ከቁጥሩ ቀጥሎ፣ "አስተያየት" በሚለው፣
አሥራ አንድ ዓመት ባዶ በኖረው፣
"ነፋስ" ብዬ ጻፍኩ።

አለቃዬ ምን እንደሚል እንጃ።
ደብተሬን አጠፍኩና ወደሚቀጥለው በር ሄድኩ።
ውሻው አልታሰረም።