ቧንቧ ውሃ ሳይነካው

የሰፈራችን ስም «ቧንቧ ውሃ» ነበር።
ሙሄ ግን ለዓሦቹ፣ ክሎሩ እስኪበር፣
ሁለት ሌሊት ያቆየዋል፣ በርሜል ሞልቶ ከበር።

ዐሥራ አንድ ዓመት ከሲንጀሩ አጠገብ
ሲያንጎራጉር የኖረ የመስታወት ገንዳ፤
ዓሣ እያየ ቆሞ፣ ሱሪውን ረስቶ
በማግስቱ የሚመለስ ስንት አለ እንግዳ።

አከራያችን ሞቱ፤ ልጆቹ ቤቱን ሸጡ።
«በዐሥራ አምስት ቀን ልቀቁ» የሚል ወረቀት አመጡ።
ኮምቦልቻ፣ ከታች፣ አንዲት ክፍል አገኘን፣
በሯ ወደ መንገድ፣ ለስፌት የምትሆነን።

እኔ የማውቀው፣ ዕቃ ሲነሳ ይታጠባል።
ድስቱን ፈተግኩ፣ ምንጣፉን አራገፍኩ፣
የግድግዳውን ምስማር ሳይቀር ነቅዬ ጠረግኩ።
በመጨረሻ ማጣሪያውን ከፈትኩት፣
ሁለት ስፖንጅ፣ ጥቁር፣ የሚያዳልጥ፣ ጭቃ የመሰለ፤
አንዱን በሁለት ጣቴ አነሳሁት፣
በረኪና አፈሰስኩ፣ ቧንቧውን ለቀቅኩ፣
እንደ ባዘቶ እስኪነጣ አሸሁት።

«ሙሄ፣ ና እየው!» አልኩ፤ ኩራቴ ልክ የለው።
መጣ። አየው። መቀሱን አስቀመጠው።
ሙሄ አይቆጣም፤ ሲከፋው ድምፁን ነው የሚቀንሰው።
«ጦይባ» አለኝ፣ «ገደልሻቸው።»
«ማንን?»
ዓሦቹን በባልዲው ቆጠርኩ፤ ሰባት ናቸው፣ ሰባቱም አሉ።
«ዓይን የማያያቸውን» አለኝ፣ «ስፖንጁ ውስጥ የሚውሉ፣
ዓሣ በገዛ ሽንቱ እንዳይሞት መርዙን የሚያረክሱ፣ የሚበሉ።
ቆሻሻ ያልሽው ቤታቸው ነው፤ በስንት ዘመን የሠሩት።»
ዝም አለ።
«እኛን እንኳ ዐሥራ አምስት ቀን ሰጡን።»

ሁለተኛውን እጄ ሳይደርስ አነሳው፣
ከራሱ ከገንዳው ውሃ ቀድቶ ባልዲ ውስጥ ነከረው፣
አንዴ፣ ሁለቴ፣ እንደ ሕፃን እግር ጨመቅ ጨመቅ አረገው፣
ጭቃው እንዲሄድ፣ ነዋሪው እንዲቀር።
ክዳኑን ገርበብ፤ «ይተነፍሳሉ» አለኝ።

ስፖንጅ ይተነፍሳል! ልስቅ ነበር።
ግን እግሬ ሥር የኔው ሃይላንድ ቆሟል፣
እርሾዬን ቀድቼበት፤ እሱም ክዳኑ ላልቷል፣
ካጠበቁት ይፈነዳል።
ይህን ማን አስተማረኝ? እርሾዋን የደፋች ሴት
ከጎረቤት ትለምናለች። ሙሄ ከማን ይለምን?
እዚህ ሰፈር ሌላ ዓሣ ያለው የት?

አበጋዝ አይሱዙውን ሐረጎ ላይ ሲያጠማዝዘው፣
ገንዳው ከኋላ፣ በፍራሽ ተጠቅልሎ፣
እኛ ጋቢና ውስጥ፤ እኔ እርሾ፣ ሙሄ ባልዲ ታቅፈን፣
በየኩርባው ውሃው ጭኑ ላይ ይንጠባጠባል፣ አይጠርገውም።
አበጋዝ አየን፣ አየን፣
«ልጅ ነው እንዴ?» አለ።
«አይ፣ ቆሻሻ ነው» አለው ሙሄ።
ከጠዋት ጀምሮ ያኔ ሳቀ።
ጉሙ ከላይ ቀረ፣ ጆሯችን ተከፈተ፣ አየሩም ሞቀ።

አልጋው ሳይዘረጋ፣ ራት ሳይታሰብ፣
በመጀመሪያ ገንዳው ቆመ፤
ጥቁሩን አስገባ፣ ነጩን ከጎኑ አስጠጋ።
«የሞተው ምን ያደርግልሃል?»
«አብሽሪ» አለኝ፣ «ጎረቤት አለው።»

በሦስተኛው ቀን አንዷ ዓሣ ተገለበጠች፣
ያቺ ጅራተ ረጅሟ።
ሙሄ ጓሮ ቀበራት፤ ስሜን አልጠራም፣
እኔም የማን ጥፋት ነው ብዬ አልጠየቅኩም።

ዛሬ አርባ ቀን ሞላ። ሙሄ ቦርከና ማዶ ልብስ ሊያደርስ ሄዷል።
ማጣሪያውን ብቻዬን ከፈትኩት፤
የኔን ነጭ ፈለግኩ፣ ከሱ ጥቁር ልለይ፣
አገላበጥኩት፣ አሸተትኩት፣
የዝናብ አፈር ይሸታል እንጂ አይለይም፤
እንደነበረ መለስኩት።

ጣቶቼ ጠቁረዋል፣ ያዳልጣሉ።
ልታጠብ ቧንቧው ጋ ሄጄ
እጄን ዘረጋሁ፣
ደግሞ ቆም አልኩ።