ስፒከሩ አልተበላሸም

ዘፈኑ ሲጀምር ስፒከሩ መሰለኝ የተቀደደ፤
እጄ ከኔ ቀድሞ ወደ ካቻቢቴው ሄደ።
አራት ብሎን ፈታሁ፣ ሽፋኑን አነሳሁ፣
ኮኑን በአውራ ጣቴ ዙሪያውን ዳሰስሁ፤
ደህና ነው። ማግኔቱም። ሽቦውም አልላላ።
ታዲያ የሚንኮሻኮሸው ምንድን ነው ሌላ?

ጦይባ ባንኮኒው ላይ ተደግፋ ሳቀች፣
«ጋሼ፣ አልተበላሸም። እንደዛ ነው» አለች።
«እንደዛ ነው?»
«እንደዛ ነው።»

ኮምቦልቻ፣ ከጨርቃ ጨርቁ በር ትንሽ ዝቅ ብላ፣
አንዲት የቆርቆሮ ሱቅ አለችኝ፣ ከሰዓት ሙቀት የምትበላ።
ሃያ ሁለት ዓመት ሬዲዮ ፈትቻለሁ፣
ድምፅ ሲታመም የቱ ጋ እንደሚያመው አውቃለሁ።
ሥራዬ ማጥራት ነው፣ ሻካራን ማለስለስ፤
እሷ ያመጣችልኝ፣ ቆርቆሮ ብረት ሲነክስ።

ሦስት አዲስ ዘፈን በአንድ ፍላሽ ይዛ መጥታ።
ደሴ ነው የቀዱት፣ ሆጤ፣ ጋራዥ ውስጥ፣ በአንድ ማታ፤
ከበሮው ይመር፣ ጊታሩ ሙጂብ፣ ጩኸቱ የሷ።
«ፓንክ ነው» አለችኝ፣ እንደ በሽታ ስም።
ቡድኑን «ሾርት» ብለውታል።
ዕድሜዬን ሙሉ ሾርት ሳሳድድ ኖሬ፣
እነሱ ስም አወጡለት።

የመጀመሪያው አለቀ፣ ሻዬ እንኳ ሳይበርድ።

ልብስ ሰፊው ሙሄ ስፌቱን አቋርጦ፣
«ቅኝቱ ምንድን ነው?» አለ በር ላይ ቆሞ፣ ፊቱ ተለውጦ፤
«አምባሰል አይደለም። አንቺ ሆዬም አይደለ።
ወሎ ላይ ተወልዶ ቅኝት የሌለው ማን አለ?»
«ባቲ ነው» አለችው፣ «መኪና ሊያመልጠው የሮጠ።»
ሙሄ ይሄን ለመዋጥ በርጩማ ስቦ ተቀመጠ።

ሁለተኛው ገባ፤ ርእሱ «ፍሬን»።
አራጋው ባጃጁን ደጄ ላይ አቁሞ፣
ተሳፋሪው ሲያጉረመርም እሱ ጆሮው ቆሞ፣
«ሐረጎን ስወርድ፣ አይሱዙ ላይ ሳለሁ፣ ፍሬን እምቢ ሲለኝ፣
ወላሂ፣ ሆዴ ውስጥ ይሄው ነው የጮኸብኝ!
ድገሚው በሞቴ።»
«አልደግምም። አንደኛ ቀርቶናል።»

እኔ ግን አልወደድኩትም፤ ልንገራችሁ እውነቱን፤
ከአስር ቃል የያዝኩት ቢበዛ ሦስቱን።
«ለምንድን ነው የምትጮሂው?» አልኳት።
መልስ የለም። ሦስተኛውን ነካችው፤
«የሌሊት ፈረቃ» ይላል።

ያኔ ነው እቴ ሉባባ ሬዲዮዋን ልትወስድ የመጣች፤
ሠላሳ ዓመት ሽመና ክፍል ቆማ የወጣች፣
ግራ ጆሮዋን እዚያው ትታ፤
ቀኙንም ቢሆን በምልክት ነው የምናግዘው።
ሰላምታ ሳትሰጠን
መዳፏን ስፒከሩ ላይ አሳረፈች።

ዝም።
ዘፈኑ አይደለም። እኛ።

ከንፈሯ መቁጠር ያዘ፤ ጫማዋ ሲሚንቶውን መታ፤
«አስራ አራት ቁጥር ነው!» አለች፣ ድምፅዋን ሳትለካ፣
«ክር ሊበጠስበት ሲል እንዲህ ነው የሚንኳኳ።
ማን ነው ያስነሳው? ለቁራሌው ሸጠውት አልነበረ?»

ጦይባ የምትስቅ መስሎኝ ነበረ።
አልሳቀችም። ዞር ብላ፣ ለኔ፣ በጣም ቀስ ብላ፣
(ድምፅዋ ለካስ ቀጭን ነው)
«እናቴም እዚያው ናት» አለችኝ።
«እቤት እንዲህ ነው የምናወራው።»

ማታ ሽፋኑን ስገጥም አንድ ብሎን ጎደለ።
ከጠረጴዛው ሥር ይሆናል፤ ወይ በመጥረጊያ ወጥቷል።
ይኸው ሳምንቱ፣ ዜና ሲነበብ እንኳ ሽፋኑ ይንጫጫል፣
ደንበኛ ይሰማል፣ አንገቱን ያዘማል፣
«አንተ ሠሪ አይደለህም እንዴ?» ይለኛል።

አልወደድኩትም ብያለሁ፤ ዛሬም እላለሁ።
ግን ብሎኑን
አጎንብሼ አልፈለግኩትም።