ጃርት የበላው መቅዘፊያ

አርዲቦ ዳር አደርን፣ እኔና አሊጋዝ፣
ደንገሉ ውሃ ጠጥቶ ታንኳይቱ ስትፈዝ።

ጓዛችን ጥቂት ነው፤ ላስቲክ፣ ገመድ፣ ቆሎ፣
በጥፊ የሚበራ ባትሪ ካንገት ተንጠልጥሎ፣
ጥቀርሻ የዋጠው ድስት፣ የዶለዶመ ቢላ፣
የዋንዛ መቅዘፊያ፣ ያባቴ፤ ከዚህ ወዲያ ሌላ
የለንም።

«ሐይቅ ገበያ ውለህ ጨው ረሳህ?» ሲል ተቆጣ፣
ፍም ላይ ካለው ቀረሶ እኩል እየተንጣጣ፤
እንደ ጣውንት ተኳርፈን አልጫውን ጎረስን፣
ጀርባ ለጀርባ ሆነን አንድ ላስቲክ ለበስን።

ሌሊት ኮሽታ ሰማን። ጅብ ነው? ወይስ ሌባ?
ባትሪው በጥፊም እምቢ፤ ጨለማው ድርብ ካባ።
ቅርጥም፣ ቅርጥም ይላል፤ ዝም ይላል፤ ደግሞ ቅርጥም፤
አሊጋዝ ኩርፊያውን ትቶ ክንዴን ይዟል፣ አይለቅም።

ሲነጋ፣
ደለሉ ላይ ወስፌ፣ ነጭና ጥቁር፣ ወድቋል፤
መቅዘፊያው ከጎኑ፣ እጀታው ተፍቋል፤
መዳፍ የሚያርፍበት፣ እሱ ብቻ፣ አልቋል።
ቆሎው እንደ ታሰረ፣ ገመዱም እንዳለ፣
ጃርት ስንዝር እንጨት መርጦ፣ ግጦ ኮበለለ።

ሠላሳ ዓመት አባቴ ከዚህ ዳር እዚያ ዳር
ሲቀዝፍ፣ እንጨቱ ላቡን ይጠጣ ነበር።
ጨው የለም ስንባባል ጨው እኮ በእጃችን!
አሊጋዝ ሳቀ፦ «ዓሣውን
በመቅዘፊያው ማሸት ነበረብን!»

በሽርጤ ቅዳጅ ጠምጥሜ እጀታውን፣
ቀዘፍኩ፣ ፀሐይ ናላ እስክትበሳ፣ ውሃውን።
አሊጋዝ ፊቱን ወደ ደንገሉ ሲያዞር
መዳፌን ቀመስኩት።

ገና ነው።