ቃለ ጉባኤው ላይ ያልሰፈረ

ዕለቱ ሐሙስ ነው፤ ከተማው ሐዋሳ፤
አጀንዳው አንድ ነው፣ እስኪደርስ ለምሳ፤
ጸሐፊው እኔ ነኝ።
ከዚህ የሚከተለው መዝገብ ያልያዘው ነው፣
እጄ ሲጽፍ ሳለ ጆሮዬ ያስቀረው።

ባለሙያው ተነሣ፣ ጉሮሮውን ጠርጎ፣
ነጩን ሰሌዳ ክብ በክብ አድርጎ፤
«ይህ እንጨት መሰንጠቂያ፣ ይህ ቡና መፈልፈያ፣
ይህ ሰጋቱራ አምቆ ማገዶ መሥሪያ፣
ይህ ዳቦ ጋጋሪው፣ ይህ ዓሣ ጠባሹ፤
በመስመር ተሳስረው አብረው ከተነሡ
ደኑ ከምሣር ያርፋል፣ ጣሪያችን ከጥላሸት፣
ብሩም ይመለሳል ገጠር፣ ከወጣበት።
አበው እንዳሉትም፣ ድር ቢያብር አንበሳ ያስር፤
የጎደለን ኔትወርክ ነው፤ ከሱ ነው የምንጀምር።»

ሀንካርሶ ከኋላ ስልኩን አወጣና፣
«እኛ ቀበሌማ ኔትወርክ የለምና፣
ጽድ ላይ ወጥተን ነው ሃሎ የምንለው፤
እሱን ዛፍ ተዉልን፤ ሌላው በድርድር ነው።»
አዳራሹ ሣቀ። ሣቅኩ እኔም። አልጻፍኩም።
ሰውዬው ከሰል አክሳይ ነው፤ እሱንም አልጻፍኩም።

አቶ ላሚሶ፣ የመሰንጠቂያው ጌታ፣
ንግግራቸውን ጀመሩ በስሞታ፤
«ሰጋቱራው በሬን ዘጋው፣ ሆነብኝ ተራራ፤
ካምና ጀምሮ ውስጥ ውስጡን ይጨሳል፣ እንደ ቂም፣ እንደ ሴራ፤
ውሰዱልኝ በነጻ፣ መኪናውንም እችላለሁ!»
ምሳ ተበላ። ገዢ እንደሚኖር ሰሙ። (አጠገባቸው አለሁ።)
ሲመለሱ ኩንታሉ ዋጋ ነበረው፤
ጠዋት ቆሻሻ የነበረው፣ ከሰዓት ውርስ ነው።

የቡናው ወኪል ሹኔ፣ ከይርጋለም የመጣ፣
ስለ ገለባው ሲጠየቅ ላብ በግንባሩ ወጣ፤
«ወንዝ ውስጥ አንደፋም» አለ። ማንም አላነሣም ስለ ወንዙ።
ጻፍኩት፤ ሰረዝኩት፤ ቀለሙ ግን ቀርቷል፣ ከነመዘዙ።

ከዚያ ዱካሌ ተነሣች። ዕድል የሰጣት አልነበረም።
ሃያ ዓመት ጭራሮ ያዘለች፤ ትከሻዋ ላይ
ገመድ የቦረቦረው ሁለት መስመር አለ፣ ነጠላው ሲንሸራተት የሚታይ።
ሰሌዳው ድረስ ሄዳ ጣቷን አሳረፈች፤
«ይህን መንገድ ዐውቀዋለሁ፣ በጨለማ» አለች።
«ከደኑ እስከ ዳቦ ቤቱ፤
የደን ጥበቃው እንቅልፍ፣ ሰዓቱ፤
እርጥብ የማይገዛውን፣ በዱቤ ወስዶ የሚክደውን፣
ዝናብ ሲይዘኝ በረንዳውን የማይነፍገኝን፣
ይህን ሁሉ ሳልጽፍ ይዤዋለሁ።
እናንተ መረብ ልትዘረጉ ነው፤ እኔ ተዘርግቼ አለሁ።
ክቦቹን ቈጠርኳቸው። አምስት ናቸው።
የኔ የትኛው ነው?»

(ያ ጥበቃ አባቴ ነበር። እንቅልፋም አልነበረም።
እሷ ስታልፍ ዓይኑን ይጨፍን ነበር እንጂ።)

ባለሙያው ማርከሩን ከፈተ፣ ከደነ፤
ስድስተኛ ክብ ሊሥል ዞረ፤ አልሆነ፤
ሰሌዳው ሞልቷል።

ከሰዓት በጓሮ መጭመቂያው ተሞከረ።
ሰጋቱራና የቡና ገለባ ገባ። ወጣ። ተሰበረ።
ደግመን አስገባን። ወጣ። ፈረሰ።
«እንደ ስብሰባችን» አለ አንዱ፤ ስሙ ከመዝገቡ ታበሰ።
ዱካሌ ከጎረቤት በጆግ ይዛ መጣች
የቡላ እጣቢ፤ «ቡላው ለልጅ፣ እጣቢው ለእሳት» አለች፤
ለወሰች፣ ረገጠች፣ እጀታው ላይ ተንጠለጠለች።
ቡናማ ጡብ ወጣ። ጠበቅን። ቆመ።
ሀንካርሶ እንደ አራስ ልጅ በሁለት እጁ ተሸከመ።

ፀሐይ ካደረቀው በኋላ፣ እሑድ፣ አሞራ ገደል፣
አባ ኮዳዎቹ እንደ ኦዲተር ቆመው ሲታዘቡ፣
ለኮስነው። ጭሱ ትንሽ ነው። እሳቱ ዘገየ፣ ግን ያዘ፤
ዘይቱ ፈላ፣ ደንበኛም ቆሮሶ አዘዘ።
ጡቡን ማን አመጣው? ዱካሌ፤ ያው ገመድ፣ ያው ትከሻ።
«ትራንስፖርት» የሚለው ዓምድ ባዶ ነው እስከ ገጹ መጨረሻ።

ማክሰኞ ቃለ ጉባኤውን ገለበጥኩ በንጹሕ ወረቀት፤
ውሳኔዎቹ ሦስት ነበሩ፤ አራተኛ ጨመርኩበት፦
«ሰሌዳው ይስፋ።»
ሊቀ መንበሩ ሳያነቡ ፈረሙ።