ባለ በገናው ቁልፍ

"ቅድመ አያትሽ ፈረንጅ ነው" ሲሉኝ ነው ያደግሁት፤
ካጥሚት ጋር ነው የጠጣሁት።
"ስሙ መርፊ፣ አገሩ አየርላንድ፤
ከእንግሊዝ ጦር ጋር መጣ፣ ኦሞን ተሻግሮ፣ በበቅሎ መንገድ፤
ጢሙም እሳት ነበር፣ ቀይ፣ የሚነድ።"

ማስረጃም ነበረን፦ አንድ የነሐስ ቁልፍ፣
ፊቱ ላይ በገና፣ ጀርባው ላይ ቀለበት፤
አያቴ ዝማምነሽ፣ አባቷን ያላየች፣ በማኅፀን ሳለች የሞተባት፣
"የዳዊት ነው" ብላ ትስመዋለች ጧት ጧት፤
አጎቴ ፍሥሐ ደግሞ "የአየርላንድ ዓርማ ነው!" እያለ ይቆጣት።

አጎቴን ቀበርን። በሠልስቱ ማግስት
ቁልፉን በመሐረብ ቋጥሬ ገባሁ ማዘጋጃ ቤት።
መዝገቡን ምስጥ በልቶት ወንፊት ሆኗል፤
ጸሐፊው ጣቱን በምራቅ እያራሰ ይገልጣል፣ ያስነጥሳል።
"ሂርማታ... ፈረንጅ አራዳ... ይኸው! ሠላሳ ስድስት ዓመተ ምሕረት፦
ስም፣ መርፌ። ሥራ፣ ልብስ ስፌት።
የእጅ መኪና፣ አንድ። ያልተከፈለ ግብር፣ አራት ጠገራ።"
ሳቀብኝ።
"እህቴ፣ 'ፊ' አይደለም፣ 'ፌ' ነው፤
አያትሽን ፈረንጅ ያደረገው
የአንዲት ፊደል እግር ነው።"

ዳብሊን ጻፍኩ። ለሁለት ወር ዝም።
ከዚያ መልስ፣ ጨዋ፣ አጭር፣ እንደ ሐኪም፦
"መርፊ እዚህ እንደ አሸዋ ነው። የክርስትና ስሙን፣
የተወለደበትን መንደር፣ የእናቱን ስም ላኪልን።"
የእናቱን ስም!
እኛ ያለን በገና ነው፣ እሱም በመሳም ብዛት አውታሩ የለም።

ቆጪ፣ ከአውራ ጎዳናው ወረድ ብሎ፣
አባ ቢያ የሚባሉ ሰፊ አሉ፣ ዘጠና አልፏቸው፣ ዓይናቸው ጉም አዝሎ።
"መርፌ? ያስተማረኝማ እሱ ነው፣ ልጅ ሳለሁ።
ቀይ ጢም? ሂና ነው! የምትቀባው እናቴ ናት፣ ሳሕኑን የያዝኩ እኔ ነኝ፣ አውቃለሁ።
አገሩን? 'ከወዲያ' ይላል። ወዲያ የት ነው ስትዪው
በመቀሱ በሩን ነው የሚጠቁመው።
ኦሮምኛው ሰባራ፣ አማርኛው ሰባራ፤
ሰባራ ያልሆነ ቋንቋ ካለውም፣ እንጃ፣ ለእኛ አላወራ።
ብቻ ሲሰፋ ያፏጫል፤
ዜማው... እዚህ አገር የለም፤ ዳገት ይወጣና መሐል ላይ ይዘላል።"

ቆርቆሮ ሙሉ ቁልፍ ዘረገፉልኝ፣
ወታደር ካፖርቱን ሸጦ ሲያልፍ የቀረ፦
አንበሳ፣ ዘውድ፣ መልሕቅ፣ ንስር።
በገና አልነበረም። አንድም። ሁለቴ ፈለግሁ።

"እስቲ ያፏጩልኝ" አልኳቸው።
ከንፈራቸውን አሞጠሞጡ።
ጥርስ የላቸውም፤
ነፋስ ብቻ ወጣ።

ማታ አያቴ "ምን አገኘሽ?" አለችኝ።
"ያፏጭ ነበር" አልኳት።
ቁልፉን ከመሐረቡ ፈታች፤
አልሳመችውም፣
ጆሮዋ ላይ አስጠጋችው።