ቀሪ አንድ

ሰኔ ሠላሳ ነው፤ ብቸና ይዘንባል፤
የመጋዘናችን ቆርቆሮ ይጮኻል፤
መብራት ሄዷል ዛሬም፤ በስልኬ ጭላንጭል
ያመቱን ጤፍ ሁሉ ስደምር በኪሎ፣
ስሰርዝ፣ ስደልዝ፣ ዶሮ ሊጮኽ ብሎ
ወጣልኝ ድምሩ፦
አምስት መቶ ዐሥር ሺህ
አምስት መቶ ዐሥራ አንድ።
ደገምኩት። ሠለስኩት። ያው ነው፤ ዐሥራ አንድ።

ትናንት እኮ ጧት ላይ አንድ ጎሎት ነበር፤
አንድ ጎሎት ሳለ እንዴት ደግ ቁጥር!
ለሁለት ሲሉት እሺ፣ ለሦስት ሲሉት እሺ፣
ለአምስት፣ ለሰባት፣ ለዐሥራ አንድ፣ ለዐሥራ ሦስት፣
ለዐሥራ ሰባትም ሳያጉረመርም
የሚዳረስ እኩል፣ ፍሬ ሳይተርፍም።
እነዚያው ሰባቱ ተባዝተው ወልደውት፣
እንደ ጋራ ልጅ ነው፤ ያድራል በየቤት።

ከቀትር በኋላ ሱሃን ተሻግራ
ይታይሽ መጣች አንድ ቋጠሮ ቋጥራ፤
«ጥር ላይ ሳስረክብ አንድ ኪሎ ጎሎኝ ነበር፤
ሚዛኑ አላየም። እኔ ግን አይቼ እንዴት ልደር?»
ብላ አስቀመጠችው፤ ደረሰኝ ሳትጠብቅ ሄደች።

ከዚያ ወዲህ ቁጥሩ ከማንም አልስማማ አለ።
ለሁለት ባካፍለው ቀሪ አንድ፣
ለሦስት ባካፍለው ቀሪ አንድ፣
አምስትም፣ ሰባትም፣ ዐሥራ አንድም ያንኑ፤
ዐሥራ ሦስት፣ ዐሥራ ሰባት፣
ሁሉም ደጃፌ ላይ አንድ ኪሎ ጥለው ይሄዳሉ።
«ብቸኛ ቁጥር ነው» አልኩ፤
«ከራሱና ከአንድ በቀር ዘመድ የለው።»
ሠላሳ አራት ዓመቴ ነው፤ ገባኝ።
ደስም ያለኝ መሰለኝ
ከኔ ጋር የሚያመሽ አንድ ብቸኛ በማግኘቴ።

አያ ልየው ዘቡ፣ በሩ ሥር ተኩርምቶ፣
ዲማ ባሕረ ሐሳብ ጀምሮ፣ ሳይጨርስ ወጥቶ፣
«ዐሥራ ዘጠኝንስ ጠየቅሽው?» አለኝ።
«እኛ ዘመንን የምንገድፈው በሱ ነው፤
ጨረቃ ዞራ ዞራ ወደ ቦታዋ የምትገባበት።
ከቀሪው አንድ አትተን ወንበር እናወጣለን፤
እናንተ ጨመራችሁ። ግድ የለም፣ ግደፊው።»

ገደፍኩት።
ሃያ ስድስት ሺህ ስምንት መቶ ስድሳ ዘጠኝ ጊዜ፤
ቀሪ የለም። እንደ ተጠረገ አውድማ።
ያም ደግሞ ለሁለት ተሰነጠቀ፦
ዘጠና ሰባት፣ ሁለት መቶ ሰባ ሰባት።
ሦስት ሰዎች ከማላውቀው አገር መጥተው
«የኛ ነው፤ ስንፈልገው ነበር» ያሉኝ ያህል
አፈርኩ፣
ዐሥራ ሰባት ላይ ስለ ቆምኩ።

«እነሱንም ከሰባቱ ጋር አባዢና አንድ ጨምሪበት»
አለ፣ ጋቢውን እየሰበሰበ።
«ከዚያስ?»
«ከዚያማ ሌላ እንግዳ ይመጣል።
አያልቅም። ተኚ።»

ጧት፣ ሒሳቡ ከተዘጋ በኋላ፣
የይታይሽን ቋጠሮ ሚዛን ላይ አወጣሁት።
አንድ ኪሎ ብቻ አይደለም፤ ምራቂ አለበት፤
እፍኝ አይሞላም፤
መዝገቡ ለሱ ረድፍ የለውም።
መልሼ ቋጠርኩት።